አርማታው ሳይደርቅ

እናቷ ጆሮዋ ሥር ተንሾካሾከች፤ ራዲዮ ተቀብላ ጮኸች።

«ቀጥ አድርገህ አስገባው! ፌሮውን እንዳትነካ!»

መወጣጫው ላይ የቆመው ወጣት የአርማታ መጠቅጠቂያውን፣ የቫይብሬተሩን፣ ረጅም ጎማ ይዞ፣ ጫፉ ላይ ያለውን የብረት ዘንግ በፌሮ ብረቶቹ መካከል ወደ ምሰሶው ሳጥን ቁልቁል ሰደደው። ሞተሩ አጓራ፤ የጣውላው ሳጥን ተንቀጠቀጠ። ከታች ባልዲ የሚቀባበሉት ሠራተኞች ግን ዓይናቸው ሥራው ላይ አልነበረም። ቅንድቧን ጭምር የሸፈነ ሄልሜት የደፋች የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንደ አለቃ ስታዛቸው እያዩ ይሳሳቃሉ። አንዱማ ባልዲውን አስቀምጦ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጣት።

ራዲዮ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የክፍል ጓደኞቿ ያወጡላት ነው። ከኋላ ወንበር ሆና ለጓደኛዋ ያንሾካሾከችውን ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው መምህር ሳይቀር ይሰማዋል። ቤትም እንዲሁ ናት። እናቷ «ኧረ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት አለ» ሳትላት የዋለችበት ቀን የለም። ዛሬ ማለዳ ግን ያቺው እናቷ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ በተዘጋ ጉሮሮዋ፣ ተነሺ ዛሬ ጩኸትሽ ያስፈልገኛል ስትላት ራዲዮ ሕልም መስሏት ግልብጥ ብላ ተኛች።

ሕልም አልነበረም። ጉንፋኑ የእናቷን ድምፅ ጠርጎ ወስዶታል። ለሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብሎ መክረም ነው። እንደ እሷ ላለች የሕንጻ ሥራ ፎርማን ግን፣ ያውም አርማታ በሚሞላበት ቀን፣ ጉድ ነው። ሚክሰሩ ተከራይቷል፣ አሸዋና ጠጠሩ ተራግፏል፣ ሰው ተጠርቷል፤ ቀኑን ማዛወር አይታሰብም። ዕለቱ ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት የለም። እናም እናት እየተንሾካሾከች፣ ልጅ እየጮኸች ሥራው ተጀመረ።

የመጀመሪያው ምሰሶ ላይ ራዲዮ ከምትጮኸው ነገር አንዱንም አልተረዳችውም። ሁለተኛው ላይ እናቷ መወጣጫው ላይ አወጣቻትና ወደ ሳጥኑ ውስጥ ቁልቁል እንድታይ አደረገቻት። ከባልዲው የተገለበጠው አርማታ ጠጠሩ ጎልቶ፣ ሻካራ ሆኖ ተቆልሏል። ዘንጉ ሲገባበት ግን ያ ሁሉ ክምር ለስልሶ ተኛ፤ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣ ጀመር። አየር ነው አለቻት እናቷ። አየሩ ካልወጣ እዚያው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ሳጥኑ ሲፈታ ምሰሶው እንደ ንብ ቀፎ ተበሳስቶ ይገኛል። የተበሳሳ ምሰሶ ደግሞ የሚጫንበትን ፎቅ እሸከማለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ስለዚህ ጥቂት ይፈስሳል፣ ይጠቀጠቃል፤ ደግሞ ጥቂት ይፈስሳል፣ ይጠቀጠቃል። ዘንጉ ሲገባ ፈጠን፣ ሲወጣ ቀስ ይላል። አረፋው ሳያልቅና ላዩ ሳያብረቀርቅ አይወጣም። በመጨረሻም ሳጥኑ ከታች እስከ ላይ በመዶሻ ይንኳኳል፤ የሞላው ቦታ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ያልሞላው ባዶ ባዶ ይላል።

ራዲዮ ነገሩን ወደደችው። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ስትደርስ እናቷ ከምትላት ላይ የራሷን ቅመም መጨመር ጀመረች፤ «ቀስ፣ ቀስ… ሻይ ነው እንዴ የምታማስለው፣ ቀስ በል እንጂ» ስትል ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እናቷም ሳል እስኪይዛት ሳቀች። ቫይብሬተሩን የሚይዘው መብረቅም ሳቀ። መብረቅ የተባለው በችኮላው ነው። ሲሄድ ይሮጣል፣ ሲበላ ይሮጣል፣ ሲያወራ ቃላቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ክፋት የለበትም፤ ብቻ አንድ ቦታ መቆም አያውቅም።

ዛሬ ደግሞ የሚያስቸኩል ነገር ነበረው። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሕንጻ ይሠራል፤ የዚያና የዚህ ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ ከበስተኋላ ባለው ሜዳ ኳስ ሊገጥሙ ተቃጥረዋል። ባለፈው የማዶዎቹ አሸንፈው ሳምንቱን ሙሉ አጥሩ ላይ እየተንጠለጠሉ ሲያሾፉ ሰነበቱ። መብረቅ በረኛ ነው። ያን ቀን የገቡበትን ጎሎች እያነሱ ከማሾፋቸው ብዛት፣ ሰውየው ምሳውን በሰላም በልቶ አያውቅም።

የራዲዮ እናት ግን ለኳስ ብላ የምትቸኩል ሴት አይደለችም። በድርጅቱ ውስጥ ያለችው ሴት ፎርማን እሷ ብቻ ናት። የሌላው ፎርማን ግድግዳ ሲሰነጠቅ «ያጋጥማል» ይባላል፤ በእሷ ላይ ትንሽ ነገር ከተገኘ ግን ሴት ሲሾም እንዲህ ነው የሚል አይጠፋም። ይህን ራዲዮ አሳምራ ታውቃለች፤ እናቷ ማታ ጫማዋን እያወለቀች የምታወራው ይሄንኑ ነው። ለዚህም ነው ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ የምታየው። ሠራተኞቹ ያከብሯታል፤ ከኋላዋ ግን አረፋ ቆጣሪዋ ይሏታል።

አንድ ምሰሶ ሲቀር፣ የማዕዘኑ፣ አናጢው ከሕንጻው ሌላኛው ጫፍ እየሮጠ መጣ። የደረጃው ሳጥን አንዱ ድጋፍ ተንሸራቷል፤ ፎርማኗ ካላየችው አይሆንም። እናቷ ወደ ምሰሶው አየች፣ ወደ ልጇም አየች።

ይሄኛውን አንቺ ታውቂዋለሽ አለቻት በጆሮዋ፤ እንደ ሌሎቹ ነው፣ ስትጨርሱ ጥሪኝ። ሄደችም። ራዲዮ በደስታ ሄልሜቷ የጠበባት መሰላት። አሁን የሰው ድምፅ ተቀብላ የምታስተጋባ አልነበረችም፤ አዛዥ ሆናለች።

መጀመሪያ ላይ ሁሉን እንደተማረችው አደረገች። ጥቂት አስፈሰሰች፣ አስጠቀጠቀች፣ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቀች። ደግሞ ጥቂት። ከዚያ መብረቅ መወጣጫው ላይ ሆኖ ያሞግሳት ጀመር። ድምፅሽ ደህና አድርጎ ይሰማል፤ እናትሽ እኮ በደህና ጊዜዋም እንዲህ አይሰማላትም፤ አንቺ ትሻያለሽ፣ ለሰው ታዝኛለሽ። ሌሎቹም ከታች ሆነው ትክክል ነው አሉ። አንዱ ጭራሽ ኢንጂነራችን አላት። ራዲዮ ትምህርት ቤት ውስጥ አፏን በከፈተች ቁጥር ዝም በይ ስትባል የኖረች ልጅ ናት። ይህን ያህል ትልልቅ ሰው አፏን እየጠበቀ ሲያዳምጣት የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስታው ልቧ ድረስ ዘለቀ።

«እንግዲህ ኢንጂነር» አለ መብረቅ፣ «የቀረውን ሁለት ጊዜ ከምንከፋፍለው አንዴ ይፍሰስና አንዴ ልጠቅጥቀው። ያው አይደለም?»

ያው አለመሆኑን ታውቃለች። እናቷ ጠዋት ለምን ጥቂት በጥቂት እንደሚፈስስ ነግራታለች፤ ብዙ ከተቆለለ የታችኛው አየር መውጫ ያጣል። ግን ሁሉም አንገታቸውን አቅንተው እየጠበቋት ነበር። እንቢ ብትል ያ ሁሉ ውዳሴ ሲተንን ታያት።

«ይሁን፣ ጨምሩ» አለች።

በደስታ እየጮኹ ባልዲውን አከታተሉት። ሳጥኑ አፉ ድረስ ሞላ። መብረቅ ዘንጉን አስገባ፤ አረፋው መጣ፣ አሁንም መጣ። ከሜዳው በኩል ሰዎች ኳስ እየመቱ ሲያሟሙቁ ይሰማል። መብረቅ ጎማውን እንደያዘ ወደ ታች አያት።

«ይበቃል?» አላት።

ይህን ያላት የምሩን ነው፤ ገና ነው ብትለው ይቆም ነበር። ላዩ ላይ ትንንሽ አረፋዎች አሁንም ብቅ ይላሉ።

«ይበቃል» አለች ራዲዮ።

ከዚያ በኋላ ግቢው የትምህርት ቤት ደወል የተደወለ መሰለ። ሚክሰሩ ታጠበ፣ ባልዲዎቹ ተደፍተው ተደረደሩ፣ ሰዉ እግሩን ለመታጠብ ቧንቧው ጋ ተጋፋ። ራዲዮ ብቻዋን ምሰሶው ጋ ቀረች። መዶሻውን አነሳችና እናቷ ስታደርግ እንዳየችው ከታች ጀምራ አንኳኳች። ድፍን ነው። ትንሽ ከፍ አለች፤ ድፍን። ደረቷ ትክክል ስትደርስ ድምፁ ተለወጠ። ባዶ ባዶ አለ። ጣውላው ይሆናል ብላ ሌላውን ጎን ዞራ አንኳኳች፤ እዚያም ያው ነው። ከዚያ ቦታ በላይ እንደገና ድፍን ሆነ።

መብረቅ ቧንቧው ጋ ነበር፤ የኳስ ጫማውን በክሩ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ሄዳ ነገረችው። ፊቱን እየጠረገ መጥቶ በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፣ ከዚያም እንደገና፣ ቀስ ብሎ አንኳኳ። ቀስ ማለቱ ከሁሉም በላይ አስፈራት፤ እሱ ቀስ ማለት አያውቅማ።

«ጣውላው ይሆናል» አለ በመጨረሻ።

«ጣውላው አይደለም።»

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ራዲዮ። ሳጥኑ ሲፈታ ትንሽ ቀዳዳ ቢገኝ በልስን ይደፈናል፤ ስንቱ ተደፍኗል። አሁን ብትናገሪ ግን ማን ነው የሚጠየቀው? እናትሽ ናት። ልጇን አስቀምጣ ሄደች ነው የሚባለው። ለሷ እዘኝላት።»

ይህን ብሎ ሄደ፤ እሱም ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ራዲዮ መዶሻውን እንደያዘች ቆመች። ነገሩን በየት በኩል ብታየው እሾህ አለው። ከተናገረች እናቷን ታስወቅሳለች። ዝም ካለች ደግሞ ሳጥኑን የሚፈቱበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ከእናቷ ጎን የሚቆም የለም፣ አርማታውም ድንጋይ ሆኗል። ልስኑ ቢደፍነውስ? ልስን ላዩን ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ምሰሶ ሥር ሰው ሲገባ ሲወጣ ታያት። ምናለ ገና ነው ብዬው በነበር ብላ ተናደደች፣ በራሷ ላይ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺን «ይበቃል» የምትመልስበት መንገድ አልነበራትም። የፈሰሰ ውሃም አይታፈስም ይባላል። የፈሰሰ አርማታ ግን ሳይደርቅ ለጥቂት ጊዜ ይታዘዛል፤ ይህንንም የነገረቻት እናቷ ናት።

እናቷ ከደረጃው በኩል መጣች። ድካሙ ፊቷ ላይ ይነበባል፣ ግን ፈገግ ብላለች። አውራ ጣቷን ቀስራ በዓይኗ ጠየቀች፤ ደህና? ክንዷን ልጇ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ ያለ አንቺ ዛሬ ምን ይውጠኝ ነበር አለቻት፣ ያቺን የነተበች ድምፅዋን እያወጣች። ራዲዮ ይህን ባትሰማ ትመርጥ ነበር። ቢቆጧት ይቀላታል።

«እማዬ» አለች። በሕይወቷ እንዲህ በቀስታ ተናግራ አታውቅም። «መሃሉ ባዶ ነው። የመጨረሻውን ሁለት ዙር በአንዴ አስፈሰስኩት። አረፋውም ሳያልቅ ይበቃል አልኩ።»

እናቷ ክንዷን አነሳች። መዶሻውን ተቀበለቻትና አንኳኳች፣ ዞራም አንኳኳች። ከዚያ መወጣጫው ላይ ወጥታ አውራ ጣቷን አርማታው ውስጥ አጠለቀችው። ጣቷ ሰመጠ፤ ገና አልደረቀም። ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። ስትወርድ ፊቷ ላይ ቁጣ ነበረ፣ አዎ፤ ግን ቁጣው የሚጮህበት ድምፅም የሚያጠፋው ጊዜም አልነበረውም። ልጇን ጠጋ አለችና ትዕዛዟን በጆሮዋ ነገረቻት።

«ማንም እንዳይሄድ። ሚክሰሩ ይነሳ፣ ቫይብሬተሩ ይመለስ። ስሕተቱ የፎርማኗ ነው በያቸው፤ እኔ ነኝ በደንብ ያላየሁት።»

ሰዎቹ ልብሳቸውን ቀይረው በሩ ጋ ደርሰዋል። ራዲዮ የአሸዋው ክምር ላይ ወጣች። ሁሉም ከዚያ ሆኖ ይታያታል፤ ቦርሳቸውን ያነገቱት፣ የኳስ ካልሲ ያጠለቁት፣ መብረቅም። ቀኑን ሙሉ እናቷ ያለቻትን ስትል ውላለች። አሁንም ያለቻትን ብትል የሚከፋባት የለም፤ የእሷም ጥፋት እዚያው ተሸፍኖ ይቀራል። ነገ ግን ወሬው መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ይደርሳል፤ ፎርማኗ ምሰሶ አበላሸች ይባላል። እናቷ ከታች ቆማ ትጠብቃለች፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ። ራዲዮ አፏን ከፈተች።

«ቆዩ! የማዕዘኑ ምሰሶ በደንብ አልተጠቀጠቀም። አርማታው ገና አልደረቀም፣ ይስተካከላል። ሚክሰሩን አስነሱት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፎርማኗ እዚህ አልነበረችም። መብረቅ ይበቃል ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ አረፋው እየታየኝ ይበቃል አልኩት። እኔ ነኝ።»

እናቷ የሱሪዋን ጫፍ ይዛ ጎተተቻት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደምትል ግን አይሰማም። ድሮ ቢሆን አንድ ጊዜ ገንፈል ብላ ታስቆማት ነበር። ዛሬ የምታስቆምበት አቅም የላትም፤ ራዲዮም የተናገረችውን እስከ መጨረሻው ተናግራ ወረደች።

በሩ ጋ ጉምጉምታ ተነሳ። አንዱ ቦርሳውን መሬት ላይ ወረወረ። ሌላው፣ «ልጅ ሥራ ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ነው» አለ፣ እንድትሰማው ሆን ብሎ፤ ጠዋት ሰላምታ የሰጣት እሱ ነበር። ኢንጂነር የሚላት ጠፋ። ራዲዮ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን አላዞረችውም። ከመካከላቸው ሁለቱ ሰምተው እንዳልሰሙ ወጥተው ሄዱ። መብረቅ ወደ ሜዳው አየ፣ ወደ ምሰሶው አየ። ከዚያም የኳስ ጫማውን ከአንገቱ አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ራዲዮን ሳያያት አጠገቧ አልፎ ሞተሩን ሊያስነሳ ሄደ። የቀሩትም እያጉረመረሙ ሸሚዛቸውን መልሰው ያወልቁ ጀመር።

አንድ ምሰሶ ስለሆነ እናቷ ራሷ መወጣጫው ላይ ከመብረቅ ጎን ቆመች፤ ትከሻውን መታ ስታደርገው ያስገባል፣ ስትይዘው ይቆማል። ጩኸት አላስፈለገም። ዘንጉ ማንም ሳይገፋው በራሱ ክብደት ወደ ታች ሰመጠ፤ ወደ መሃሉ ሲደርስ አረፋው ከሥር እየተግተለተለ ወጣ፣ ሳይቋረጥ። እስኪያልቅ ጠበቁ። ሲያልቅ እስከ ሳጥኑ አፍ ድረስ ሞልቶ የነበረው አርማታ ከአንድ ክንድ በላይ ወደ ታች ወርዶ ነበር። ያ ሁሉ ባዶ ቦታ ነበረ ማለት ነው። መብረቅ ወደ ጉድጓዱ ትክ ብሎ አየ፤ ከዚያም ላቡን በክንዱ ጠረገ።

እናቷ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ተጨማሪ አርማታ። ሚክሰሩ ዞረ፣ ሰዎቹ ከሚክሰሩ እስከ መወጣጫው ተሰለፉ። ሁለቱ ስለሄዱ መሃሉ ላይ ክፍተት ነበረ፤ ባልዲውን ያነሳው ሰው የሚያቀብለው አጥቶ ቆመ። ከሜዳው በኩል ፊሽካ ተነፋ፣ ጨዋታው ተጀመረ። ራዲዮ የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበችና ክፍተቱ ውስጥ ገባች። ያ «ልጅ ሥራ ላይ ሲቀመጥ» ያለው ሰው ከቀኟ ነበር። አየት አደረጋትና ባልዲውን ዘረጋላት። ከባድ ነበር። በሁለት እጇ አቅፋ ተቀበለችው፣ ዞረችና ለሚቀጥለው ሰው ሰጠች፤ ከዚያም ሌላ ለመቀበል እጇን ዘረጋች።